ካሜራው ፊቱን ያዞረ ዕለት

የእኔ ነገር የተበላሸው በገና ዕለት ነው። ሌላው ሰው አስቀድሶ፣ በጉን አርዶ፣ ጠላውን ጠጥቶ በሰላም በዋለበት ቀን የእኔ ዕድል ሜዳ ላይ ወድቃ ቀረች። ይህ የቂመኛ ሰው ወሬ ይመስላል። ቂመኛ መሆኔን አልክድም። ግን ቂምም እንደ ማሽላ ሳይዘሩት አይበቅልም፤ ማን እንደዘራው ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

ሰው ሁሉ በዓል በመጣ ቁጥር ደጋግሞ የሚያየው ፊልም አለው። በተለይ እንደኛ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት በሚጠፋበት አገር፣ ፍላሽ ላይ ያለ አሮጌ ፊልም እንደ ጎተራ እህል ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ ያሉት ወጣቶች የፈረንጅ የገና ፊልም ይወዳሉ። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ቢሮ ያላት፣ ስልኳ የማያርፍ የከተማ ሴት ለበዓል ገጠር ትሄድና እንጨት የሚፈልጥ ወንድ ትወዳለች። በረዶ ይዘንባል፣ ይሳሳማሉ፣ አለቀ። እኔን የሚገርመኝ በረዶው አይደለም። በእኛ አገር እንጨት የማይፈልጥ ወንድ የት አለና ነው? ቢሮ ያላት ሴት ግን እንኳን ፈላጩን ባለ ዲግሪውንም ቀና ብላ አታየው።

አከራዬ እትዬ አስካለ ደግሞ የጌታን ልደት የሚያሳየውን መንፈሳዊ ፊልም ነው የሚያዩት። በየዓመቱ ያው ፊልም፣ በየዓመቱ ያው መቀመጫ። እመቤታችን ከዮሴፍ ጋር ማደሪያ ፍለጋ ስትንከራተት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ይወጣና በሩን ይዘጋባቸዋል። ይኼኔ እትዬ አስካለ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ይሉና «አንተ ሰው፣ ዘንድሮም ዘጋህባት?» ይሉታል። አንድ ጊዜ፣ እንደሚዘጋ እያወቁ ለምን ይበሳጫሉ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፣ ግን ምናልባት ይጸጸት ይሆናል እላለሁ» አሉኝ።

ያን ቀን ስቄባቸው ነበር። አሁን አልስቅም። አንድ ፊልም ደጋግሞ የሚያይ ሰው ሁሉ፣ ዲግሪም ይኑረው ዳዊት ይድገም፣ ተስፋው ይቺው ናት።

የእኔ የገና ፊልም በየትኛውም ጣቢያ አይተላለፍም። የሚታየው ቡሬ፣ አበልጆቼ ቤት ብቻ ነው። የቀረጸው ደምሴ የሚባል የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ሲሆን፣ በጾሙ ምክንያት ሠርግ ጠፍቶ ሥራ ፈትቶ ስለከረመ ነው ካሜራውን ይዞ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለው የገና መጫወቻ ሜዳ የመጣው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተፋጠጡ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፣ ለላይ ሰፈር ነበር የምጫወተው። ለበዓሉ ብዬ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። የመጣሁት ለጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ እንደምወዳት ከእሷ በስተቀር ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እሷም ሳታውቅ አትቀርም።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ጨዋታው እኩል ነበር። ከጠፍር የተጎነጎነችው እሩር ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች። ዱላዬን ከትከሻዬ በላይ አነሳሁ፤ እስከዚህ ድረስ ቪዲዮው ላይ አለ። መታኋት። ልክ ስመታት ሴቶቹ እልል አሉ።

የእኔ መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ደምሴ የሠርግ ሰው ነው። እልልታ ከሰማ ካሜራውን ወደ እልልታው ማዞር እጁ የለመደው ሥራ ነው፤ ሙሽራው አጥር ዘልሎ ቢያመልጥ እንኳ እልል ያሉትን ሴቶች ቀርጾ ሳይጨርስ አይከተለውም። ስለዚህ ካሜራው ከእኔ ላይ ተነሥቶ ጥሩወርቅ ላይ አረፈ። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አንድ ነገር ይከተላል፣ ይከተላል፣ ከዚያ ትመለስና ያ ነገር ወደተነሣበት አይታ ፈገግ ትላለች። ካሜራው ወደ ሜዳው ሲመለስ ሙሉቀን፣ አብሮ አደጌ፣ የቡድኔ ልጅ፣ በሰው ትከሻ ላይ ነው።

እኔስ የት ነበርኩ? ከዱላዬ ጋር ተሽከርክሬ ወድቄ አፈር ስቅም ነበር። ልብ ብሎ ላየ በምስሉ ዳር አንድ ጫማ ይታያል። ያ ጫማ የእኔ ነው።

የተደሰተ ሕዝብ ማን መታት ብሎ አይመረምርም፤ የቆመውን ያነሳል። በኋላ በመሥሪያ ቤትም ያየሁት ይህንኑ ነው። አፈሬን አራግፌ «እኔ ነኝ እኮ የመታኋት» ብል አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ተው ልጄ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉኝ። ይህ ተረት ሎሌው ዱላ ላሳረፈበት ጌታ የተበጀ ነው እንጂ ሥራውን ለተቀማ ተማሪ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። «አየህ፣ ተቆጣህ» አሉኝ።

ደምሴ ቪዲዮውን ሲያቀናብር ደግሞ ባሰ። ከሠርግ ሌላ አበጃጀት አያውቅማ። ሁለት ቀያይ ልቦች አወጣና በአንደኛው ውስጥ የጥሩወርቅን ፊት፣ በሌላው ደግሞ በሰው ትከሻ ላይ ያለውን ሙሉቀንን አስገባ። በላያቸው የጽጌረዳ ቅጠል አዘነበባቸው። ምን ሠራህ ብዬ ሱቁ ድረስ ብሄድበት፣ «የልጅቷን ፊት ለማብራት ያየሁትን አበሳ አልነግርህም፤ ፀሐይዋ ከኋላዋ ሆና አጠቆረችብኝ» አለኝ።

«የእኔ ጫማስ?» አልኩት።

«የቱ ጫማ?»

ቪዲዮው ከቤት ቤት ዞረ። ሁለቱን በልብ ውስጥ ያየ ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሽማግሌ ለመላክ ያፍር የነበረው ሙሉቀን ሽማግሌ ላከ። በዓመቱ ተጋቡ። ሠርጋቸውን የቀረጸው ደምሴ ነው፤ ልቦቹን እንኳ አልቀየራቸውም።

ታዲያ በዚህ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ ክርስትና አባት አደረጉኝ። እግዜር የከለከለኝን ሰው እግዜር ራሱ አበልጅ አድርጎ ሰጠኝ። አበልጅ ደግሞ ሲጠራ አይቀርም። እናም ገና በመጣ ቁጥር ቡሬ እሄዳለሁ። ዘንድሮም መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሙሉቀን ዛሬ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ጆንያው ከመጋዘን አልፎ እስከ ሳሎኑ በር ተደርድሯል። እኔ ይህን ቤት የምወድበት አንድ ምክንያት አለኝ፤ እዚያ ዓይኑ እንባ ያቀረረን ሰው ማንም ምን ሆንክ አይለውም።

ምሳ ቀርቦ እንደተጀመረ ፍላሹ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ተሰካ። «አበልጄ፣ ቅረብ እንጂ» አለኝ ሙሉቀን፣ «የዓመት ጀግንነቴን እይልኝ።» ጥሩወርቅ እንደልማዷ «ኧረ ሰው ሰለቸው፣ አጥፉት» አለች። እንደልማዷ ደግሞ ሳታየው ወደ ጓዳ አልገባችም።

ዘንድሮ ሪሞቱ እኔ አጠገብ ነበር። ፊቷ ላይ ሲደርስ አቆምኩት። ያ ዓይን፣ ያ ፈገግታ፣ ያ የነጠላ ጫፍ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ራሴ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«አበልጄ፣ እዚህ ጋ እሩሯን እያየሽ ነበር። ማን ነው የመታት?»

ሙሉቀን ሳቀ። «ይኸውላችሁ ጀመረው። ዩኒቨርሲቲ ሁሉን አስተምሮህ መርሳትን ብቻ ዘለለብህ፣ አይደል?» እንግዶቹም ሳቁ። እኔ ግን የማየው እሷን ነበር። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለችውን ልጅ ትክ ብላ አየቻት። የማታውቃትን፣ ግን የሆነ ቦታ ያየቻትን ሰው የምታይ ትመስል ነበር።

«እኔ ምን አየሁና» አለች፣ «ፀሐይዋ ዓይኔን ወግታኝ ነበር።»

ከዚያም እኔን ሳታይ፣ «ብሉ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሙሉቀን ሪሞቱን ወሰደ። ልቦቹ መጡ፣ ጽጌረዳው ዘነበ።

ማታ ቤቴ ስገባ እትዬ አስካለ ከቴሌቪዥናቸው ፊት ነበሩ። ሰውዬው ተጸጸተ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ይጸጸታል፣ ዘጋባት» አሉኝ። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው፣ «ግን ዘንድሮ ሲዘጋው ትንሽ ያመነታ መሰለኝ» አሉ።

እንግዲህ ጥሩወርቅ፣ ይህን ጽሑፍ ቡሬ የሚያደርስልኝ ሰው አይጠፋም። አበልጄ ነሽና በክፉ አታንብቢው። ትዳርሽን አልነካም። እሩሯንም ለሙሉቀን ትቼለታለሁ፤ በሰው ትከሻ ላይ እስካለ ድረስ ይቆይበት፣ ጫማዬም ከምስሉ ዳር አይነሣ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፣ እሱንም ሳትመልሺልኝ ሌላ ገና እንዳይመጣብኝ። ደምሴ ምስክሬ ነው፣ ፊትሽን እስኪያበራ ድረስ አበሳውን አይቷል። ፀሐይዋ ከኋላሽ ነበረች።

ታዲያ ዓይንሽን የወጋሽ ምንድን ነው?