«ደም መርምሩ» ያልኩ ለታ

የዘመኑን ወጣት ምከር ብሎ ፈጣሪ ካዘዘብህ፣ ምክርህን ምክር እንዳይመስል አድርገህ አቅርብ። ተሰብስቦ የሚያዳምጥ ትውልድ ድሮ ቀረ። የዛሬው የሚሰማህ በአውራ ጣቱ ነው፤ ካልጣምከው በዚያው ጣት ወደ ላይ ገፍቶህ ያልፋል። እኔ ነቀምቴ ውስጥ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ለወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ በፌስቡክ እጽፋለሁ። ስንቴ እንደተገፋሁ አትጠይቁኝ።

አንድ ቀን ታዲያ መላ መጣልኝ። የሚሸሹት የቫይረሱን ስም ሲያዩ አይደል? ስሙን ልተወው! ከእጮኛዬ ከጫልቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን የተነሳነውን ፎቶ ለጠፍኩና ከላዩ በኦሮምኛ «ከጋብቻ በፊት ደማችሁን ተመርመሩ» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩ መሰለኝ እንጂ! የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛ የተማርኩት ገበያና ባጃጅ ውስጥ ነው። ሽንኩርት ለመግዛትና «እዚህ ጋ አውርደኝ» ለማለት ይበቃል። «ቆረተማ» ማለት ሲገባኝ «ቆረዳ» አልኩት፤ ተመርመሩ ሳይሆን መርምሩ፣ አጣሩ ማለት ነው። እና ወለጋም ሆነ ጎጃም ከጋብቻ በፊት የሚጣራው ደም ምንድን ነው? ዘር ነዋ! በሰው ሴት ልጅ ፎቶ ላይ፣ አገር በሚያየው ገጽ፣ የአማቾቼ ዘር ይጣራልኝ አልኩ ማለት ነው።

በማግስቱ የጫልቱ አባት ኦቦ ዲንሳ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከሲሬ በሚኒባስ ከች አሉ። «አካም ቡልተን» ብዬ ብነሳ ሰላምታዬን የተቀበለኝ የለም። ኦቦ ዲንሳ ተቀመጡና አባታቸውን ጉተማን፣ የጉተማን አባት ሞቲን እያሉ ሰባት ቤት ድረስ ቆጠሩ። ቆጥረው ሲያበቁም፣ ከነዚህ የተጠረጠረው የትኛው እንደሆነ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ቀልዱን ተዉትና፣ ፈራሁ። ጫልቱን ላጣት ነው አልኩ።

እየተንተባተብኩ ነገሩ ስለ ኤች አይ ቪ መሆኑን አስረዳሁ። ታዲያ ስሙን ምን በላው አሉኝ። ወጣቶቹ እንዳይሸሹ ደብቄው ነው ብላቸው፣ ኦቦ ዲንሳ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምቼ አላውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይህን ጥቅስ የቢሮዬ በር ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ! አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ቫይረሱ ቢገኝስ አሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰደ ሰው በጤና ይኖራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል አልኳቸው። ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦቦ ዲንሳ ፊታቸው ፈታ አለ። መመርመሩ ደግ ነገር ነው፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ከጫልቱ ጋር ሂዱ አሉኝ። እፎይ ልል ስል ግን «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩን ካነሳኸው አይቀር የአንተንም ቁጠርልን እስቲ» አሉኝ።

አባቴን ጠራሁ፤ አያቴን ጠራሁ፤ ቅድመ አያቴን በስንት መከራ አስታወስኩ። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

ምርመራውን አደረግን፤ ሁለታችንም ነጻ ነን። ሠርጉን ይዞት የቀረው ቫይረስ ሳይሆን የቅድመ አያቴ አባት ነው።