ፎርማት ጠሉ ጋሽ ሶርሳ

ኮምፒውተር በገባበት ከተማ ሁሉ፣ ሌላው «ፎርማት ይደረግ» ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለወላይታ ሶዶ የደረሷት ክቡር ሐኪመ ኮምፒውተር አቶ ሶርሳ ናቸው። ብሩክታይት ግን ማዕረጉን ሁሉ ትታ «ጋሽ ሶርሳ» ነው የምትለው።

ብሩክታይት ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው ሱቋ ኮምፒውተር ትሸጣለች፣ ትጠግናለችም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሁለቱ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አብረው ያስተምሩ ነበር። ማሠልጠኛው ተዘጋ። ጋሽ ሶርሳ የከፈታት ሱቅም መንገድ ሲሰፋ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ መጥቶ የብሩክታይት ሱቅ በር ላይ ካለው ዱካ ላይ ይሰየማል። ደንበኛ የለውም፤ አስተያየት ግን ሞልቶ ተርፎታል።

ነገሩ በኮምፒውተር ቢወሰን መልካም ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ቤሌ ሲሄድ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ባትሪውን ሊነቅል ሲል ጋሽ ሶርሳ ዘሎ ወርዶ «መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ!» አለ። ሞተሩን አዳመጠ፤ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ ተከተለ። ግማሹ ተሳፋሪ በእግሩ ከሄደ በኋላ ነዳጅ ማለቁ ተደረሰበት። «ይኸው!» አለ በድል አድራጊነት። «ጤነኛ ባትሪ ልትነቅሉ ነበር!»

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ፎርማት አድርግልኝና ልሂድ» ቢሉት ኮምፒውተሩን እቅፍ አደረገው። «ጌታዬ፣ ፎርማት የሰነፍ መድኃኒት ነው። ራሱን ያመመውን ሰው ትዝታውን አጥበው ያሰናብቱታል?» ኃላፊው ኮምፒውተሩን ለማስለቀቅ ዘበኛ መጥራት ነበረባቸው።

የጋሽ ሶርሳ ልብ የቀረው በሲዲ ዘመን ነው። ብሩክታይትም አፏ አይናገረው እንጂ ያን ጊዜ ትናፍቀዋለች። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሲስተም ከኢንተርኔት ለማውረድ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መብራት ይጠፋና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ኡቡንቱ የሚሉት ሲስተም በሲዲ በነፃ በፖስታ የመጣለት ዕለት ጋሽ ሶርሳ ፖስታውን ሳይከፍት ክፍል ለክፍል እያዞረ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰበሰባቸውን ሲዲዎች ሁሉ በአንድ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። በየሲዲው ላይ በእጁ ጽፎባቸዋል፦ «ለሽማግሌ»፣ «ለሚግል»፣ «ተስፋ ለተቆረጠበት»። ከሲዲው ተነስተው፣ ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይጫኑ፣ በጊዜያዊው ሚሞሪ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሲስተሞች ናቸው። የታመመውን ኮምፒውተር ዕቃውን ሳያናጉ ገብተው ያዩታል። ብሩክታይት ዛሬ እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ሲስተሞችን በአንዲት ፍላሽ ይዛለች፤ ጋሽ ሶርሳ ግን ፍላሽን አያምንም፤ «ኪስ ውስጥ የሚጠፋ ሐኪም» ይላታል።

ባለፈው ቅዳሜ መምህርት አልጋነሽ ያረጀ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልላ ከቦዲቲ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀበሌው እየዞረች የእንሰት ዝርያዎችን ስም ከነነጋሪያቸው ስትሰበስብ ኖራለች። ያ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

«ሁለት ቦታ ወስጄው ዲስኩ ሞቷል፣ ፎርማት ይደረግ አሉኝ» አለች። 

«ሌላ ቦታ አላስቀመጡትም?» አለቻት ብሩክታይት።

«ነገ፣ ዛሬ ስል። ከነገሩኝ ሽማግሎች ሰባቱ አርፈዋል፤ ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ?»

ብሩክታይት ፍላሿን ሰክታ አዲሱንና መልከ መልካሙን ሲስተም መረጠች። ግማሽ ድረስ ተነስቶ ደረቀ። ደገመችው፤ እንደገና ደረቀ።

«እውነትም ዲስኩ ነው መሰለኝ» አለች።

«ዲስኩን ማን ነካው?» አለ ጋሽ ሶርሳ ከዱካው ሳይነሳ። «የተነሳው ከፍላሽሽ ነው። ዲስኩ ተኝቷል። የተኛ ሰው በምን ይከሰሳል?»

ብሩክታይት እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ሲስተሙ የሚኖረው ሚሞሪው ላይ ነው፤ የቆመበት መሬት ከከዳው መውደቁ አይቀርም። ይህን ለተማሪ ስታስተምር ኖራ ሳታየው በማለፏ ተናደደች።

«እሺ፣ የትኛውን እንምረጥ?» አለች። እንዲህ ብላ ከጠየቀችው ዘመን የለውም።

ጋሽ ሶርሳ ተነሳ፤ ሸሚዙን አስተካከለ። ሚሞሪን ብቻ የምትመረምረውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍላሹ ላይ አስነሱ። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማያ ገጹ በስህተት ምልክት ቀይ በቀይ ሆነ። ጀርባውን ፈትተው ከሁለቱ የሚሞሪ ካርዶች የታመመውን አወጡ።

«አሁን ጎጆው ጠበበ፤ ትልቅ እንግዳ አያስተናግድም» አለ ጋሽ ሶርሳ። «ፐፒ የምትባለዋን ሲስተም እንስጠው። ቡችላ ማለት ነው፤ ትንሽ ይበላል፣ አሽትቶ ያገኛል።»

ከቦርሳው «ለሽማግሌ» የሚለውን ሲዲ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና አስገባ። ሲዲው ተሽከረከረ፣ ተንቋቋ፣ ዝም አለ። በድጋሚ ሞከረ። ሲዲው ተጭሮ አልቆለታል። ጋሽ ሶርሳ አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ይዞ ሲያየው ፊቱ በአንድ አፍታ አረጀ።

«ፍላሹ ላይ አለች» አለች ብሩክታይት ቀስ ብላ። «ያን ጊዜ ከአንተ ሲዲ ነው የገለበጥኳት። ፍላሽ በቀየርኩ ቁጥር እሷን ሳልይዝ ቀርቼ አላውቅም።»

ፐፒ ተነሳች። ዲስኩን መረመሩት፤ ጤነኛ ነው። የአልጋነሽ ፋይሎች አንድም ሳይጎድል ተደረደሩ። አልጋነሽ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ብሩክታይት ሁሉንም በሁለት ቦታ ገለበጠችላት።

ጋሽ ሶርሳ መነጽሩን አድርጎ ዝርዝሩን እስከ ታች አነበበና «አንድ ጎደለ» አለ።

«የትኛው?» አለች አልጋነሽ።

«ግንዱ ቀላ የሚለው። ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ለአራስ የሚቀቅሉት።» ስሙን በወላይትኛ ነገራት። ሰምታው አታውቅም ነበር፤ አስደግማው ፊደል በፊደል ጻፈች።

«ነጋሪው ማን ብዬ ልጻፍ? እርስዎን?»

«እኔማ በላሁ እንጂ አልተከልኩ። እናቴ…» መነጽሩን አውልቆ መወልወል ያዘ። 

«ፋንታዬ ብለው ይጻፉ» አለች ብሩክታይት የላፕቶፑን ብሎን እያጠበቀች፣ ቀና ሳትል። «ከቤሌ ወዲያ፣ ወንዙን ሳይሻገሩ። ጓሮዋ ውስጥ ከእሱ ሰባት እግር ነበራት።»

ጋሽ ሶርሳ ዞር ብሎ አያት። 

«ስምንት ነበር» አለ። «አንዱን ፍልፈል በላው።»