ለጥቁርና ነጩ መርማሪ የተሰየሙ ሽማግሌዎች

ነገሬ የተበላሸው ማክሰኞ ቀን ነው። ጓሳ በእኛ በመንዞች ሕግ ተዘግቶ የሚጠበቅ የሣር መሬት ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ያስገባ ሰው ከድርሻው ይባረራል። በዚያ ማክሰኞ ጋሽ ደምሰው በአገሬው ጉባኤ ፊት ቆመው፣ «ሣሩን ሲያጭድ ያየሁት ይህ ባለዲግሪ ነው» አሉ። አላጨድኩም። ግን እሳቸው የተከበሩ ሽማግሌ፣ እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ አፈ ፈጣን ነበርኩና ቃላቸው ጸደቀ። የጣሪያ ሣር ድርሻችንን ስለተነጠቅን የአባቴ ቤት ያን ክረምት ሳይከደን ቀረ። እኔም እስከ ዛሬ «የሣር ሌባው» ነኝ።

ሰው ለኃጢአተኛ የሚራራው ኃጢአቱ ከሩቅ አገር ሲመጣ ነው። ይህን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ እንዳይመስላችሁ፤ መሐል ሜዳ ከተማችን፣ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

በተማሪነቴ የወደድኩት አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ። የምወደው ንጹሕ ሰው ስለሌለበት ነው። ሴትዮዋ ባሏን አስገድላ፣ ፊቷን በስስ ሻሽ ሸፍና አምሮባት ታለቅሳለች። ሰካራሙ መርማሪ ደግሞ እሷን ስለወደደ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ምሎ፣ በሐሰት ይመሰክራል፤ ምንም የማያውቀው ሾፌሯ ይታሰራል። ያን ፊልም ለአገሬው ሰው እየተረጎምኩ አሳየሁ። ጋሽ ደምሰውን ግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጋብዤ፣ ከፊት አስቀመጥኳቸው። ለምን እንደሆነ እናንተ አታጡትም።

ገና ከመሃሉ ሳንደርስ ጠላ ሻጯ እትዬ ዘነበች ተቁነጠነጡ።

«ጥሩው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልናይ ተሰበሰብን? ይኸንንማ ከጎረቤቶቼ መች አጣሁት!»

ፊልሙ አለቀ። መንዜ ደግሞ ጠብ አይቶ ሽማግሌ ሳይሰይም ቤቱ አይገባም። ሦስት ሰው ተሰየመ። ለፊልሙ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ሴትዮዋ የሟችን ወገን ትካስ፣ መርማሪው ንስሐ ይግባ፣ መጠጡንም ይቀንስ፣ ከዚያ በወግ ይጋቡ ተባለ። ጋሽ ደምሰው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምን ያድርግ! ጨንቆት ነው የመሰከረው። ሰው አይደለም እንዴ?»

«ሾፌሩስ፣ ጋሼ?»

«የቱ ሾፌር?»

«በሐሰት የታሰረው።»

«እሱማ ልጅ እግር ነው፤ ይለምደዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደምሰውም፣ «ፊልሙስ ደግ ነው፤ ትምህርት አለው» ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገውኝ ወጡ። ትምህርቱ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ለጨነቀው ማዘን ደግ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ግን መርማሪው ሴት ወዶ ዋሸ፤ እርስዎስ፣ ጋሼ፣ ማንን ወደው ነው? ጉሙ ሜዳውን ውጦት ከፈረስዎ ጆሮ ወዲያ በማይታይበት፣ ሣሩ በታጨደበት በዚያ ጠዋት፣ እኔን እንዴት ለይተው አዩኝ? ወይስ ያዩት የሚወዱትን ሰው ነበር? ሽምግልና አልጠየቅሁም፤ ካሳም አልፈልግም። ጋሽ ደምሰው፣ ሣሩን ያጨደው ማን ነው? ይመልሱልኝ!