ጥቁሩ መስኮት የጣላቸው አስራ ሦስት ሰዎች

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ማውዝ መንካት ክብሩን የሚነካው አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኔ ድካም ታስቦ የተፈጠረ ይመስለኛል።

የኛ ክሊኒክ የኮምፒውተር ሠራተኛ «ክቡር አንድ መስመር» ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛ መዝገብ ቤቶቹ ነን። ምንም ብትጠይቁት መልሱ «አንድ መስመር ነው እኮ» ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ይከፍታል፣ ነጫጭ ፊደል ይረጭበታል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጅበታል። የጽዳት ሠራተኛዋ የመጋዘን ቁልፍ ጠፋኝ ብትለው «ቁልፎቹ ቁጥር ቢኖራቸው አንድ መስመር ነበር» አላት። «አንድ በር ነው እኔ የፈለግኩት» ብላው ሄደች።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ከመደርደሪያ ሳወርድና ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ጉልበቴን ጠይቁት። ባለፈው ወር የደም ውጤታቸው የከፋባቸው ሰዎች በአስቸኳይ ተጠርተው መድኃኒት እንዲጀምሩ ተባለ። ውጤቱ ላቦራቶሪ ነው፣ ስሙ እኔ ጋ፣ ስልኩ እንግዳ መቀበያ። ሦስቱን ፋይል በካርድ ቁጥር ማጋጠም ነው። ብዕሬን ሳነሳ ክቡርነታቸው ደረሱ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይረፉ። በቁጥር ቅደም ተከተል አስይዤ ሁለት ሁለቱን አጋጥማለሁ። አንድ መስመር ነው።»

«ሦስት ፋይል ሁለት ሁለቱን ካጋጠምክማ ሁለት መስመር ነው።»

አልሰማኝም።

ስልሳ አራት ውጤት ገባ፣ ሃምሳ አንድ ስም ወጣ። ጣቴን በምራቅ እያራስኩ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

«አስራ ሦስት ሰው የት ገባ?»

«ማሽን አይሳሳትም፣ እትዬ። ቆጠራው ይሆናል።»

«እማማ አጣቢዋ፣ እኚያ የድሮ ታካሚያችን፣ የሉበትም። ውጤታቸውን ላቦራቶሪው በቀይ አስምሮበታል።»

«ካርድ ቁጥራቸው?»

«ዜሮ አራት መቶ አስራ ሰባት።»

እጁ ፊደሎቹ ላይ ቀረ። ላቦራቶሪዎቹ ከፊት ያለችውን ዜሮ አይጽፏትም። እኔ ግን ነፍሱን ይማረውና የድሮ አለቃዬ «ቁጥር ሁሉ አራት ቤት ይሙላ» ስላለኝ፣ እሱ ከሞተም በኋላ ስጽፋት ኖሬያለሁ። ለሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለጥቁሩ መስኮት ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች። ጥንድ ያጣውን ደግሞ ትንፍሽ ሳይል ይጥለዋል። ከሺህ በታች ቁጥር ያላቸው ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ የሚመላለሱ አዛውንቶች ናቸው፤ የወደቁትም እነሱ።

«ጥንድ ያጡትን አሳየኝ የምትል ጭማሪ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። «አልጨመርኳትም።»

«እኔም ስለ ዜሮዬ አልነገርኩህም።»

አስተካክሎ አስራ ሦስቱንም አወጣቸው። ከሰው ጋር ማውራት ጥርስ የመነቀል ያህል የሚከብደው ሰውዬ፣ ላቡን እየጠረገ ለአስራ ሁለቱ ራሱ ደወለ። የእማማ ስልክ ግን ዝግ ነው። አድራሻቸውን ከካርዱ ላይ አነበብኩለት። በፀሐዩ ወጣ።

ከምሳ በኋላ አቧራ ለብሶ፣ ክንዳቸውን ደግፎ ተመለሰ። ተራቸው እስኪደርስ ከአጠገባቸው አልነቃነቅ አለ።

መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ እኔ መስኮት መጡ። «ሐኪሙ፣ ትንሽ ቢቆዩ ኩላሊትዎ አይችለውም ነበር አለኝ» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ፤ እሱ እዚያ ቆሞ ጫማውን ያራግፋል። «ይሄ ልጅ ያንቺ ነው?»

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ማስረዳቱ ደከመኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ያስቸግራል እንጂ ክፉ አይደለም።»