ሽንፈት የማያውቁት ጋሽ ዘይኑ

ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። ደሴና ኮምቦልቻ ግን "ለሁለታችን አንድ ይበቃናል" ተባብለው ነው መሰለኝ ጋሽ ዘይኑልአቢዲንን በጋራ ይዘዋል። ቤታቸው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ልባቸው ኮምቦልቻ፣ የቦርከና ሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ሜዳ ላይ ነው።

ክቡርነታቸው ኳስ ነክተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ክለቡ ከተመሠረተበት ከ1998 ጀምሮ ግን ያመለጣቸው ጨዋታ የለም፤ ያመለጣቸው ሰውም የለም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ ከተቀመጡ አለቀልህ። "አሰላሙ አለይኩም! የ2003ቱን ጨዋታ ነገርኩህ?" ይላሉ። "ነግረውኛል" ብትል "እንግዲያው አሳጥሬ ልድገምልህ" ነው መልሳቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ገና የመጀመሪያው ሩብ አላለቀም። እኔ የክለቡ ጸሐፊ ስለሆንኩ መከራዬ ይብሳል፤ አንድ ቀን "ወራጅ አለ!" ብዬ ቁልቁለቱ መሃል ወርጄ በእግሬ ገብቻለሁ።

ደግሞ በእሳቸው ታሪክ ክለባችን ተሸንፎ አያውቅም። "ሰዓት አለቀብን እንጂ ማን አሸነፈን?" ይላሉ። በሠላሳ ነጥብ ተዋርደን ስንመለስ እንኳ "ሠላሳ ምን አላት? ትንሽ ደቂቃ ቢጨምሩልን እኮ..." ብለው ሹፌሩን ሳይቀር አሳቁት።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። አወዳዳሪው ክፍል ክለቦችን እንደገና ሲመዘግብ፣ ያሸነፍነውንም የተሸነፍነውንም ጽፈን እስከ ዓርብ እንድናቀርብ ጠየቀ። ካላቀረብን እንደ አዲስ ክለብ ከታችኛው ዲቪዚዮን እንጀምራለን፤ እዚያ ደግሞ ደመወዝ ስለሌለ ልጆቹ ይበተናሉ። የእኛ መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ ቢሮው ሲዘረፍ ከነሣጥኑ ጠፍቷል። ምን ይደረግ? ስሸሻቸው ከኖርኩት ሰውዬ ቤት ከአምበላችን ከቢልቂስ ጋር ሄጄ በር አንኳኳሁ።

ድሉን ከነቀኑ ከነውጤቱ አወረዱት። እጄ ዛለ።

"ሽንፈቱስ?" አልኳቸው።

"የለም አልኩህ!"

"ጋሼ፣ ከተጋጣሚዎቻችን መዝገብ ጋር ያመሳክሩታል። ከዋሸን ወደ ታች መውረዳችን ነው።"

ቢልቂስ ጉልበታቸውን ይዛ "ጋሽ ዘይኑ፣ በአላህ ይንገሩን። እኔ ከኳስ ሌላ እንጀራ የለኝም" አለች።

በረጅሙ ተነፈሱና ጀመሩ። ኧረ ለካ ሁሉንም ያውቁታል! አርባ አንዱንም ሽንፈት፣ ያውም ከነምክንያቱ።

"2007፣ በአሥራ ሁለት ነጥብ። ኡሙሰልማ እግሯ አብጦ ነበር፤ ላሠልጣኙ አልተናገረችም። 2010፣ በስድስት። ከድጃ ስታስታምም አድራ ሳትተኛ ነው የገባችው። 2011፣ በአንድ ነጥብ..." አሉና ቆሙ።

ቢልቂስ አቀረቀረች። "እሷ የኔ ናት። ሁለቱንም ነጻ ውርወራ ሳትኩ።"

"እናትሽን ቀብረሽ ሳምንት አልሞላሽም ነበር።"

"እስከ ዛሬ ያስታውሱታል?"

"ወላሂ አልረሳሁትም። አንቺ ረስተሽው እንደሁ ብዬ ነው ዝም የምለው፣ ልጄ።"

ሦስታችንም አለቀስን፤ እኔ ጉንፋን አስመስዬ። እኒህን ሰውዬ ነው ስሸሽ የኖርኩት? አፈርኩ። ለካ እወዳቸዋለሁ።

ቅጹ ግርጌ ላይ መረጃውን የሰጠው ሰው ስምና ኃላፊነት ይጠየቃል። "ጡረተኛ ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ቢልቂስ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጥቃ "አባታችን" ብላ ጻፈች።

ዓርብ ይዘን ሄድን። ሲያመሳክሩት አንዲት ነጥብ አልተዛነፈችም። መዝጋቢው ግርጌው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና "እንዲህ የሚባል ኃላፊነት በመመሪያው የለም" አለ። እንደገና አነበበው። "ግን ሰርዙት የሚልም የለም" ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት።