የፍሪጁ ሽምግልና

«ለመንደራችን ነዋሪዎች በሙሉ! የአቶ ንጋቱ ቤት ፍሪጅ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ላይ ማጉረምረሙን ለአራት ደቂቃ አቋርጦ፣ በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት እንደገና የጀመረ መሆኑን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ነዋሪዎች ባሉበት ቆመው ጆሯቸውን እንዲያቀኑ በጥብቅ እናሳስባለን!»

ለእሑድ አጥቢያ ናሁሰናይ በሕልሙ መጀመሪያ የሰማው ይህንን ነበር። ማስታወቂያውን የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ የተሸከመ መኪና ሳይሆን መኪና የተሸከመ ሰውዬ ነው። ናሁሰናይ አልገረመውም። በሕልሙ የሚገረም ሰው የለም፤ መገረም የሚመጣው ከነቁ በኋላ ነው።

ሕልሙ ደግሞ እንዲሁ ከሜዳ አልመጣበትም። ናሁሰናይን ከስድስት ወር ወዲህ አምቢየንት የሚባል ሙዚቃ ይዞታል፤ ጉንፋን ሰውን እንደሚይዘው። ከበሮ የለው፣ ዘፋኝ የለው፣ ጫፉ አይታወቅ፤ ዝም ብሎ እምምምም የሚል ነገር ነው። አንድ የአይስላንድ ሰውዬ «ጭጋግ» የሚል አልበም አወጣ፤ ናሁሰናይ ሰማው። ሰውዬው «ጭጋግ ቁጥር ሁለት» ብሎ ደገመ፤ ናሁሰናይ ሁለቱን ሲያወዳድር ክረምቱ አለቀ። ጓደኞቹ ልዩነታቸውን ሲጠይቁት አንድ ሰዓት አስረዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አይጠይቁትም።

ያለፈው እሑድ፣ ሊያገባት ከሚፈልጋት ከሶልያና ቤተሰብ ጋር ሊተዋወቅ ሄደ። ምሳ እስኪቀርብ ሳሎኑ ጥግ የቆመው ፍሪጅ ሲያጉረመርም ሰማ። «ይሄ እኮ ከቁጥር ሁለት ይበልጣል!» አለ በልቡ። ወንበሩን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፍሪጁ ፊት ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ። ሲጨርስ እንባውን ጠረገ። አባቷ አቶ ንጋቱ አዩት። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር አይወዱም። ያን ቀን ግን ምንም አላሉም። እንግዲህ ዛሬ፣ እሑድ ጠዋት፣ የናሁሰናይ ሽማግሌዎች ልጅቷን ሊጠይቁለት እኚሁ ሰውዬ ዘንድ ይሄዳሉ። «ምን ይሉ ይሆን?» እያለ ሲገላበጥ ሄድፎኑ ጆሮው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

በሕልሙ ታክሲ ተራ ደረሰ። ተሳፋሪዎቹ ታክሲው ውስጥ ሆነው በመስኮት እየተንጠለጠሉ ይጮኻሉ። «አንድ ሹፌር የቀረው! አንድ ሹፌር!» ረዳቱ በሐፍረት አንገቱን ደፍቶ ወደ ናሁሰናይ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ወደ ሜክሲኮ እንደምንሄድ ብነግርዎ ቅር ይልዎታል?»

ሹፌር ተገኝቶ ትንሽ እንደተጓዙ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ ሞተሩን አዳመጠ።

«አጠረ» አለ። «ቁጥር አንድህ አርባ ደቂቃ ነበር። ምን ነካህ?»

«ቤንዚን ተወዶ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሹፌሩ።

«ጥበብ ላይ አይቆጠብም! ተመለስና እንደገና ጀምር።»

ናሁሰናይ ወርዶ አንድ ሙዚቃ ቤት ገባ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ነበሩ። አልበሞቹ በመካከላቸው እየተንጎራደዱ፣ አንዱን አውርደው ደረቱ ላይ ጆሯቸውን ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ይመልሱታል። ናሁሰናይንም አንድ እጅ ማጅራቱን ይዞ በአንድ ዳኛና በአንዲት ዳቦ ጋጋሪ መካከል ሰካው።

«ዳኛው እንዴት ነው?» አለ አንዱ አልበም።

«ሆዱ ሲጮህ ግሩም ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ይስላል።»

ናሁሰናይ ከሩቅ «ጭጋግ ቁጥር ሁለት»ን አያት። ሴት ናት፤ ግራጫ ነጠላ ለብሳለች። ልቡ ዘለለ። ቀርባ አወረደችው፣ ደረቱ ላይ ጆሮዋን አኖረች፣ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ እኮ! ክረምቱን ሙሉ አንቺን ከቁጥር አንድ ጋር...» ብሎ ሲጀምር ወደ ቦታው መለሰችው።

«ይሄ ዕቃ ዝም አይልም» አለች ለባለ ሱቁ። «ሲያወዳድር ብቻ ነው የሚሰማው።»

መደርደሪያው ተንሸራትቶ የእናቱ ቤት ሶፋ ሆነ። በሩ ተከፈተና የሶልያና ወገኖች የላኳቸው ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ በዚያ አገር የሚጠየቀው ወንዱ ነው። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበዋል። አንደኛው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ ሁለተኛው የእህል ወፍጮ። ሦስተኛውና ሰብሳቢው የአቶ ንጋቱ ፍሪጅ ነበር። የኛ ሽማግሌዎች እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም። እነዚህ ግን ሳይጋበዙ ዘፍ ዘፍ አሉና «እስክትከለክለን አንነሣም!» ብለው ማሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የሶልያና ጫማ ይታያል።

«ዘር ይቆጠር!» አለ ወፍጮው፣ ዱቄቱን እያራገፈ።

ናሁሰናይ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አባቴ አቶ ታምሩ፣ የእሳቸው አባት ደግሞ...»

«አንተን ማን ጠየቀህ! የምትሰማውን ነው። ጭጋግ የማን ልጅ ነው?»

«የአይስላንዱ ሰውዬ።»

«እሱ አሳዳጊው ነው። ወላጁን ንገረን!»

ቆርቆሮው በሐዘን ኳ ኳ አለ። «የሐምሌ ዝናብ ከእኔ የወለደው ነው» አለ። «ቁጥር ሁለትም የእኔው ናት። የነሐሴ።»

ወፍጮው ተነሥቶ ጮኸ። «እህትና ወንድም! ሰባት ቤት ሳትቆጥር ስድስት ወር ሙሉ አንድ ፕሌይሊስት ውስጥ ጎን ለጎን አስተኛሃቸው?»

«አላወቅኩም ነበር!»

«ነውረኛ! ሰው እንዴት አልበም ሲያስተኛ ዘር አይጠይቅም?»

«ተው፣ ልጁን አታስደንግጠው» አለ ፍሪጁ። ድምፁ የታወቀው፣ ያ ለስላሳው ማጉረምረም ነበር። «ጥፋቱን ይካሳል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን ፊቴ ተቀምጠህ አለቀስክ። ለምን ወደድከኝ?»

መጋረጃው ተነቃነቀ። ሶልያና ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ «ተው፣ ተው» እንደሚል ሰው። ናሁሰናይ ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስድስት ወር ሲጠብቅ ኖሯል። ሶፋው ላይ ተመቻቸ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ድምፅ ጥልቀት አለው» አለ። «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የሚገባው ጎርናና ድምፅ የብቸኝነትን...»

ፍሪጁን ላብ ላብ አለው።

«...ማለቴ፣ ከአይስላንዱ ጋር ሲነጻጸር የእርስዎ ዝምታ ይበልጥ የበሰለ ነው፤ ምክንያቱም...»

የፍሪጁ በር ብርግድ አለ። ቅቤው ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ከወተቱ አጠገብ ሲቀዘቅዝ የኖረ አንድ ከረባት ያሰረ ዘፋኝ፣ «እፎይ! ተፈታሁ!» እያለ ዘሎ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ይዘፍን ጀመር። ናሁሰናይ ይህንን ሁሉ እያየ አላቆመም። «ምክንያቱም» ያለ ሰው መጨረስ አለበት። ጨረሰም።

ፍሪጁ ቀጥ አለ።

መኪና የተሸከመው ሰውዬ በመስኮት አንገቱን አስገባ። «የተከበሩ ፍሪጅ በደረሰባቸው ማብራሪያ ምክንያት ዝም ያሉ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን...»

ሶልያና ከመጋረጃው ወጣች። ሻንጣዋን ይዛለች። «ናሁ፣ ምናለ ዝም ብትል ኖሮ?» አለችና የቆርቆሮውን ክንድ ይዛ ሄደች። ናሁሰናይ ሊከተላት ሲነሣ የቀለጠው ቅቤ አንሸራተተው።

«አንተ! ተነሣ እንጂ!»

ዓይኑን ሲገልጥ አጎቱ ጋሽ ይልማ ትከሻውን ይዘው ይንጡታል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ጋሽ ይልማ የሽምግልና ጋቢያቸውን እንደደረቡ ናቸው።

«ስልክህ ባትሪው ሞቶ፣ ጆሮህን ደፍነህ ታለቅሳለህ? ሄደን ተመለስን እኮ!»

ናሁሰናይ ሄድፎኑን አወለቀ። «ምን አሉ?»

«ሰውዬው ወርቅ ናቸው። ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና የለም። ልጅቷም ደስተኛ ናት። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው።» ጋሽ ይልማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፍሪጃቸው ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ቆሟል። ጠጋኝ ቢጠሩ፣ ምንም ብልሽት የለውም አላቸው። እሳቸው ደግሞ የዛሬ ሳምንት ፊቱ ተቀምጠህ ስታለቅስ አይተውሃል። ‹ልጁ ፍሪጄን ምን እንዳደረገው ብቻ ያስረዳኝ፤ ልጄን እሰጠዋለሁ› አሉ። ይኸው፣ መስመር ላይ ናቸው።»

ስልካቸውን ሰጡት። ናሁሰናይ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገ። በዚያ በኩል አቶ ንጋቱ ዝም ብለው ይተነፍሳሉ፤ ረጅም፣ ጎርናና፣ ጫፉ የማይታወቅ ትንፋሽ። ከሁለቱም ጭጋጎች ይበልጣል። ናሁሰናይ ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሀሎ፣ ልጄ» አሉ አቶ ንጋቱ በመጨረሻ። «እስኪ አስረዳኝ።»

ናሁሰናይን ቀጥ ያለው ፍሪጅና የሶልያና ሻንጣ ታወሱት። «አላስረዳም።»