የአዴ ጌጤነሽ ቆርኪዎች

በየሰፈሩ፣ ዕቃ ለሰው ሳይሆን ሰው ለዕቃ የተፈጠረ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ አምቦ ይህ ማዕረግ የአዴ ጌጤነሽ ነው፤ እስካሁን ተፎካካሪ አልቀረበም።

ባለቤታቸው ኦቦ ጀቤሳ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምረዋል፤ ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ብዙ አስበዋል። እቤታቸው ግን ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ የመወሰን ነፃነት የላቸውም።

ነገሩ የመጣው ከዋንዛው ጠረጴዛ ጋር ነው። ጠረጴዛው በገባ ሰሞን አዴ ጌጤነሽ ከልጃቸው ከለንሳ ስልክ ላይ አንድ ሙያ አዩ፤ የጠርሙስ ቆርኪ በክር ይለበጥና፣ ሰባቱ በአበባ ቅርጽ ተሰፍተው የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናሉ። ቆርኪ ደግሞ አምቦ ላይ ከጠጠር እኩል ነው። ከግሮሰሪ ደጃፍ ይለቅማሉ፣ ከሰርግ ቤት ይለቅማሉ። ለቅሶ ደርሰው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ሲነሡ እንኳ ቦርሳቸው ይንቃጨላል።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ "ከስሩ፣ ማሎ!" አበባው ከብርጭቆው ስር ይግባ፣ እባካችሁ ማለታቸው ነው። ፓስተር ዘሩባቤል አንዴ ረዘም ያለ ጸሎት ጸልየው ዐይናቸውን ሲገልጡ፣ ብርጭቋቸው አበባ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

"ሰውዬው እኮ ፓስተር ናቸው!" አሉ ኦቦ ጀቤሳ በኋላ።

"ጠረጴዛውም ዋንዛ ነው፣ አባ ለንሳ።"

እንዲህ እያለ፣ ለንሳን ለኤቢሳ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከጊንጪ መጡ። ልጅቷ ኤቢሳን ወዳ ጨርሳለች፤ መጋረጃ ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። የሚያስፈራው የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ የተከበሩ ኦቦ ቀንዓ ናቸው። ከዚህ ቀደም ለሽምግልና በሄዱበት አንድ ቤት ሰው ሲስቅባቸው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ያ ጋብቻም በዚያው ቀረ።

ቀዝቃዛ የአምቦ ውሃ በየአበባው ላይ ቀረበ። ልጅ ጠያቂ መልስ ሳይሰማ አይቀምስምና ኦቦ ቀንዓ ብርጭቋቸውን አነሡ፤ አበባውን ከስር ወስደው አፉ ላይ ከደኑት፤ ብርጭቆውን ባዶው ዋንዛ ላይ አስቀመጡት።

"ብልሃት ነው!" አሉ እያደነቁ። "ዝንብ አይገባም። ጊንጪ እንዲህ ያለ ክዳን የለንም።"

ኦቦ ጀቤሳ የሚስታቸውን ከንፈር አዩ፤ ተከፍቷል። የምትመጣዋን ቃል ያውቋታል። የሰው ልጅ በእርግጥ ነፃ ፈቃድ አለው ወይ የሚለውን ጥያቄ እንደዚያች ቅጽበት አጥብቀው ጠይቀውት አያውቁም።

አዴ ጌጤነሽ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ተነሡ። የሌሎቹን ሽማግሌዎች አበባዎች አንድ በአንድ ከስር እያወጡ ብርጭቆዎቹን ከደኑ። የባላቸውንም፣ የራሳቸውንም።

"ምን እናድርግ፣ ኦቦ፤ ዝንቡ አስቸገረን" አሉ።

የጊንጪ ሰው ንግግር አያሳጥርም። የዘር ሐረግ ተቆጠረ፣ ምርቃት ወረደ፣ ከየብርጭቆው ስር ውሃ ተንጠባጠበ። አዴ ጌጤነሽ ዐይናቸውን ወደ ጠረጴዛው አላወረዱም። በመጨረሻ ኦቦ ጀቤሳ "ሰጥተናል" ሲሉ ክዳኑ ሁሉ ተነሣ፤ ተጠጣ።

ለንሳ ዛሬ ጊንጪ ናት። የሌሎቹ ብርጭቆዎች ምልክት በውልወላ ለቀቀ፤ የኦቦ ቀንዓ ብርጭቆ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ክብ ቀርቷል። ሰሞኑን ኦቦ ጀቤሳ ሚስቴን ላስደስት ብለው ቫርኒሽና ብሩሽ ይዘው ቀረቡ።

"ማሎ፣ አባ ለንሳ" አሉ አዴ ጌጤነሽ፤ "እሱን አይንኩት።"

ጧት ጧት ጠረጴዛውን ሲወለውሉ፣ ክቡ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ዝግ ይላል። ኦቦ ጀቤሳ ይህን ለማየት ሲሉ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ይቀመጣሉ።